ሚካኤል ዕለት ሃያ አንድ

ፈተና ላይ የሚጥለው ከባድ ጥያቄ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። እኔን የጣለኝ ማንም ወድቆበት የማያውቅ ጥያቄ ነው።

ጊዜው ጣሊያን ጎንደር ላይ ፎቅ የሚሠራበት ነው። እኔ ቀን ቀን ሲሚንቶ አቦካለሁ፤ ከሥራ መልስ ደግሞ ከየኔታ ዘንድ ባሕረ ሐሳብ እማራለሁ። በዓሉም ጾሙም መቼ እንደሚውል ማስላት ማለት ነው። ለነፍስህ ነው ወይ ብትሉኝ፣ አይደለም፤ ለአስካል ነው። አባቷ አያ ብሩ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው። ለጣሊያን ጭቃ የሚያቦካ አማች አልሻም፣ ባሕረ ሐሳብ ያለፈ እንደሁ ግን ከጥምቀት በኋላ ይውሰዳት ብለው ቁርጡን ነግረውኛል።

ታዲያ ብልጥ ነኝ አይደል? ያን ሁሉ ቁጥር ከመሸምደድ የየኔታን ጥያቄ ማወቅ ይሻላል አልኩ። ከእኔ በፊት የተፈተኑትን እየዞርኩ ጠየቅሁ። ሁሉም ያሉኝ አንድ ነው፤ የነነዌ ጾም የሚገባበትን ቀን አውጣ። እሷን ብቻ ጠጣኋት። ያላሰብኩት ምን መሰላችሁ? ያለፉትማ በየደብሩ ተሹመው ሄደዋል። እኔ የጠየቅኳቸው ወድቀው የቀሩትን ነው። የወደቀ ሰው ደግሞ የጣለችውን እንጂ ከእሷ በፊት የመለሳትን ጥያቄ መች ያወራል?

ፈተናው ለኅዳር ሚካኤል ሆነ። ታቦቱ ዞሮ ገብቷል፤ ሕዝቡ ዛፉ ሥር ተቀምጧል፤ አያ ብሩም ከፊት አሉ። የኔታ ለማሟሻ ያህል ዛሬ ስንት ቀን ነው አሉኝ።

ሥራ ቦታ አለቃችን ካቦው ጠዋት ጠዋት በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑን ያስጮኸናል። ምላሴ ቀደመኝ።

"ሃያ አንድ" አልኩ።

የሚካኤልን ጠላ በእጁ የያዘ ሁሉ ጠላውን አየ። አሥራ ሁለት መሆኑን ሕፃን ያውቃላ! ከዚያ ሳቁ መጣ። አያ ብሩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። በቃ፣ አስካል ሄደች አልኩ። የኔታ ግን አልሳቁም።

"አያ ብሩ፣ ምነው ቸኮሉ? የልጁ መልስ ልክ ነው፤ ያልደረሰው ቀኑ ነው። ኅዳር ጽዮን ይምጣ።"

እስከ ጽዮን ሥራ አልሄድኩም። ካቦው ሠላሳ እያለ ሲያስጮህ ብሰማ ምላሴን በምን አምነዋለሁ? ዕለቱ ደረሰ፤ የኔታ ያንኑ ጠየቁኝ። እኔም ያንኑ መለስኩ፤ ሃያ አንድ። ሸጋ አሉ። ቀጥላ የመጣችው ነነዌ ናት፤ እሷንማ ተኝቼም አወጣታለሁ። ከጥምቀት በኋላ አስካልን ወሰድኩ።

ከዚያ ወዲህ የጥናት ምክር ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ መልስህን አትለውጥ፣ ቀኑ ራሱ ይመጣል። ልጆቼ ምክሬን አንድ ሳያስቀሩ ሰምተዋል። ሁሉም ወድቀዋል።