የባጃጁ ጥቁር ፌስታል

የከተማ ሰው ፌስታል የሚይዘው ዕቃ ሊሸከምበት አይደለም፤ ዕቃውን ከጎረቤት ዓይን ሊሸሽግበት ነው። አትቆጡ… እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ አሮጊት ነኝ። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች፣ እናንተ በየሳምንቱ ታነባላችሁ። ግን ዓይን አለኝ፤ እግርም አለኝ። እግሬ ደግሞ ማረፍ አያውቅም። ዛሬ ቡሬ ብታዩኝ ከነገ ወዲያ ፍኖተ ሰላም ነኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጅጋ ገበያ ላይ ድምፄን ትሰማላችሁ።

እስቲ አስተውሉ። እኛ ገጠር ሴት ከገበያ ስትመለስ የያዘችውን ከማዶ ሆነን እናውቃለን። የቅርጫቷ አፍ ክፍት ነው፤ ዶሮዋ አንገቷን አስግጋ መንገዱን ታያለች። “ደግሞ ዶሮ? ማን ሊመጣባችሁ ነው?” እንላታለን፤ እሷም ቆማ ትነግረናለች። ከተማ ላይ ግን ሁሉም ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ እልፍ ነው። ሽንኩርት ይያዝ ሽንጥ፣ ማን ያውቃል? ሰሞኑን ፌስታል ይቅር ሲባል የከተማው ሰው ያኮረፈው ለመያዣው መሰላችሁ? ለምስጢሩ ነው እንጂ። ምስጢሩን እነሱ ይበሉታል፤ ባዶው ፌስታል በንፋስ እየተነዳ መጥቶ የእኛ አጥር ላይ ይሰቀላል። ላሞቻችን ቅጠል መስሏቸው ያላምጡታል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ባለፈው ታኅሣሥ ነው፣ በነቢያት ጾም መካከል።

ይበልጣል የሚባል የልጅ ልጅ አለኝ፤ ቡሬ ላይ ጋራዥ ይሠራል። ፍኖተ ሰላም ያለች ትርንጎ የምትባል ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላክን። አባቷ አቶ ልየው ይባላሉ። ሽማግሌዎቹን አንድ ጊዜ መለሷቸው፤ ሁለተኛም መለሷቸው። ነገሩ የሀብት አይደለም፣ የዘርም አይደለም። ይበልጣል ረቡዕ ቀን ምግብ ቤት ተቀምጦ ጥብስ ሲበላ ታይቷል የሚል ወሬ ደርሷቸው፣ ጾም ለማያከብር ቤተሰብ ልጄን አልሰጥም ብለው ነው። ይበልጣል የበላው ተጋቢኖ ሽሮ እንደነበር ምሎ ተገዘተ፤ ማን ይስማው? የሠርጉ ወር ጥር ተቃረበ። ሦስተኛው ሽምግልና የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ ከተመለስን ቀረ። ልጁ ከሳ፤ ሱሪው ከወገቡ ላይ መቆም አቃተው። በመጨረሻ እኔው ራሴ አብሬ ልሂድ አልኩ።

ባዶ እጅ አይኬድም መቼም። ከገዛ ቀፎዬ የተቆረጠ ነጭ ማር በቅል ሞልቼ ፍኖተ ሰላም ልጄ ውዴ ቤት አደርኩ። ጠዋት ውዴ ቅሉን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

“እማዬ፣ ቅል አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት?”

“ምን አለበት?”

“ሰፈሩ ሁሉ ምን እንደያዙ ያያላ።”

“ቢያይስ?”

“እማዬ፣ ከተማ ነው እኮ።”

ሌላ ማብራሪያ የለም። ማሩን በላስቲክ ዕቃ ገለበጠችው። እኔም እንዳይፈስ ብዬ ክዳኑን ከአሮጌ ቀሚሴ በቀደድኩት አረንጓዴ ጥለት ጠፍሬ አሰርኩት። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተችና ባጃጅ ላይ አሳፈረችኝ።

ባጃጇ ውስጥ አንድ ሰውዬ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። በእግራቸው መካከል ጥቁር ፌስታል አለ። የእኔንም አጠገቡ አኖርኩት። አንገቴ ስለጎበጠ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ጫማ ነው የማየው፤ የሰውየውን ጫማ አየሁት። የቀኙ ክር ነጭ፣ የግራው ጥቁር። ባለቤታቸው ሳታያቸው ነው የወጡ ብዬ አዘንኩላቸውና ወሬ ጀመርኩ።

የልጁን ፍቅር ነገርኳቸው። መክሳቱን ነገርኳቸው። ሰውየው በጋቢው ውስጥ “እህ… እህ” ይላሉ። ጥሩ አድማጭ አገኘሁ ብዬ ወደ ዋናው ጉዳይ ገባሁ።

“የልጅቱ አባት አቶ ልየው ይባላሉ። በጾም ነገር ባሕታዊ ናቸው አሉ፤ ቅቤ የነካው ማንኪያ እንኳ በጾም ቤታቸው አይገባም። ያውቋቸው ይሆን?”

ሰውየው ሳል ያዛቸው።

“ወራጅ!” አሉ። ባጃጇ በቅጡ ሳትቆም አንዱን ፌስታል ላፍ አድርገው በጓሮ መንገድ ታጠፉ። እኔም የቀረውን ፌስታል ይዤ ጉዞዬን ቀጠልኩ።

አቶ ልየው ደጅ ስደርስ የደብራችን መሪጌታና አንድ ጎረቤታችን ቆመው ይጠብቁኛል። መሪጌታ ቅኔ ሲቀኙ ማንንም አይፈሩም፤ ውሻን ግን እንደ ሕፃን ይፈራሉ። በሩን በከዘራቸው ጫፍ እየነኩ “ውሻችሁን ያዙ!” ይላሉ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ እየሳቁ ከፈቱ፤ እኛ ቤት ውሻ የለም፣ ግቡ አሉን።

አቶ ልየው ቆየት ብለው ከጓዳ ወጡ። ኮት ለብሰዋል፣ ላብ በላብ ሆነዋል፣ ወደ እኔ አያዩም። የሽማግሌ ሥርዓት ነው፣ ተነሣን፣ ተቀመጥን። መሪጌታ ከጅጋ ጀምረው መንገዱን ሁሉ ሲያሰናዱት የመጡትን ንግግር ሊከፍቱ አፋቸውን ሲያላቅቁ ሳል አነቃቸው። እስቲ የእሜቴ ማር ይምጣ፣ ጉሮሮዬን ላርስበት አሉ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ “ከገዛ ቀፎዬ የተቆረጠ ነው” ብዬ ፌስታሉን ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ሰጠሁ። እጃቸውን ሰደዱና አወጡት።

ቀይ ሥጋ! ኪሎ የሚሞላ፣ ከነጎድኑ፣ ከነጮማው።

የመሪጌታ ሳል በራሱ ጊዜ ለቀቃቸው። በጾም፣ በሽምግልና፣ ጾም አያከብሩም ተብለን በተመለስንበት ቤት፣ በገዛ እጄ ሥጋ ይዤ ገባሁ። ይበልጣል ልጄ፣ ቀበርኩህ… አልኩ በሆዴ። መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠኝ ቁልቁል አየኋት። መሬቷ አልተሰነጠቀችም፤ ግን ጫማ አሳየችኝ። የቀኙ ክር ነጭ፣ የግራው ጥቁር።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔስ ምላሴ በልቶኝ ነበር። ግን ባዋርዳቸው የማንን ልጅ ነው የምንወስደው? አባቷን በሽማግሌ ፊት አዋርጄ ትርንጎን ምን ብዬ ምራቴ እላታለሁ? እናም ከጫማው ላይ ዓይኔን ሳላነሣ፣ ቀስ ብዬ ተናገርኩ።

“አቶ ልየው፣ ባጃጅ ላይ አንድ ጋቢ የለበሱ ሰው አብረውኝ ነበሩ። ፌስታላችን ተለዋውጦ ነው። ይኸኔ ሰውየው ማሬን ይዘው ተጨንቀው ይሆናል።”

ነጩ ክር ወንበር ሥር ገባ፤ ጥቁሩም ተከተለው።

“ይሆናል” አሉ አቶ ልየው፣ ላባቸውን እየጠረጉ። “ፌስታል ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በእንዲህ ያለ ነገር ሰው አይፈረድበትም።”

“ይበልጣልም ላይ?”

“እሱም ላይ። ሽሮ ከሩቅ ጥብስ ሊመስል ይችላል።”

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ለመሪጌታ ጉሮሮ የሚሆን ነገር ፍለጋ ጓዳ ገብተው የነበሩት፣ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። “ምንም ሳይነግረኝ ማር ገዝቶ ኖሯል! ከዱቄቱ ጆንያ ኋላ ሸጉጦት አገኘሁት” አሉና ዕቃውን መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የቀሚሴ አረንጓዴ ጥለት ክዳኑ ላይ እንደታሰረ ነው።

በማንኪያ ቀመስኩ። አጣጣምኩ።

“ድንቅ ማር ነው” አልኩ። “የማን ቀፎ ይሆን?”

አቶ ልየው ብድግ አሉ። “ሽማግሌዎች፣ ልጄን ሰጥቻለሁ። ለጥር ይሁን።”

“ገና ምኑን ተናገርኩና!” አሉ መሪጌታ፣ ንግግራቸው ሆዳቸው ውስጥ ቀርቶ ከፍቷቸው።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ፌስታልን መረቅሁት። ማሩን በቅሌ ይዤው ብሄድ ማንም አይለውጥብኝም ነበር፤ ትርንጎንም ማንም አይሰጠን ነበር። ከዚያ ወዲህ ውዴ ባዶ ፌስታል ስትጥል አይቼ ዝም አልልም፤ አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ አኖረዋለሁ። ለላሞቹ ብዬ ነው እላታለሁ።

ስንወጣ አቶ ልየው ያንን ፌስታል ከጀርባቸው ይዘው እስከ በሩ ሸኙን። ደጁ ላይ ስንደርስ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ ያ ሥጋ ግን ምን ይሁን አልኳቸው።

“አይጨነቁ እሜቴ፣ ለውሻ እሰጠዋለሁ።”

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ዘለው ከኋላዬ ተወሸቁ። “ውሻ የለም አልተባለም ነበር እንዴ?” አሉኝ።

“አይፍሩ መሪጌታ” አልኳቸው፣ “ጾመኛ ውሻ ነው።”