የአባወራው ጠበቃ

ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ለወንዶች የምትከራከር አንዲት ሴት አትጠፋም። ወንዶቹ ጠበቃ አላቆሙም፤ ብዙዎቹም ክስ እንዳለባቸው አያውቁም። እሷ ግን በገዛ ፈቃዷ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ “ወንድ ልጅ የቤት ራስ ነው” ብላ ትቆምላቸዋለች። አዲስ አበባ ሳለሁ አንዷን አውቅ ነበር፤ ጅቡቲም አንድ ዓመት ስኖር ሌላዋ ጎረቤቴ ነበረች። የናይሮቢዋ ደግሞ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ከልጄ ጋር ከምኖርበት ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትገኛለች። ስማቸው ወይዘሮ እህተማርያም ነው። ክብራቸውን ጠብቄ በአንቱታ እቀጥላለሁ።

እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በተተከለው ድንኳን ሥር እናቶችን ሲያስተምሩ አጠገባቸው ተቀምጬ መነጽራቸውን መያዝ የእኔ ሥራ ነው። ከዚያ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ፌሚኒዝም የሚባለው ነገር፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ወደ ናይሮቢ የገባው በጊጊሪ ሰፈር በኩል ነው። ማስረጃቸው ባጅ ነው። ጊጊሪ ባሉት የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቢሮ የሚሠሩ ሴቶች እሑድ እንኳ ባጁን ከአንገታቸው ማውለቅ ይረሳሉ፤ ማተቡ ከሥር፣ ባጁ ከላይ።

“ነገር የተበላሸው ሔዋን ብቻዋን ቆማ ከእባቡ ጋር የተነጋገረች ቀን ነው” አሉ አንድ እሑድ።

ኪያ የምትባል፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ከኋላ ሆና፣ እንደ ልማዷ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ቀላቅላ፣ “ሳሳ አንቲ፣ አዳምስ የት ነበር? አጠገቧ አልነበረም እንዴ? ይሄ ፌር አይደለም” አለች።

ወይዘሮ እህተማርያም ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ነበረ። አጠገቧ ቆሞ ዝም ብሎ ነበረ። እሱም ይጠየቅበታል፤ ዛሬ ግን ተራው የእሱ አይደለም።”

አብዛኛውን ነገር እኔም እስማማበታለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ቤት ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ጸብ ይቀንሳል ባይ ነኝ። የሚከብደው ያንን ሰው አንድ ቦታ ተቀምጦ እንዲናገር ማድረግ ነው።

ለምሳሌ አቶ ካሣሁንን እንውሰድ። አቶ ካሣሁን የወይዘሮ እህተማርያም ባለቤት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ። በቤት ራስነት ላይ ጥላቻ የላቸውም፤ ፍላጎትም የላቸውም። ሳሎን ውስጥ ከሁሉ ትልቁ ወንበር የእሳቸው ነው፤ ክንዱ የተቀረጸ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ለወገባቸው የማይስማማ። ከእሱ ላይ ሸሽተው ሰገነት ላይ በቆርቆሮ የተከሏቸውን አበቦች ሲያጠጡ፣ “እንግዳ ይመጣል፣ አንቱ፤ ከወንበርዎ አይጥፉ” የሚል ድምፅ ይከተላቸዋል። ሰው ፊት አንቱ ነው የሚሏቸው። ሰው በሌለበት “አንተ ካሣሁን” ሲሉ በጣሪያዬ በኩል ሰምቻለሁ፤ ግን ይህ በመካከላችን ይቅር።

አንድ ቀን ብርጭቆ ሲያጥቡ ተያዙ። ወይዘሮ እህተማርያም ብርጭቆውን ከእጃቸው የወሰዱት፣ ሕፃን ልጅ ምላጭ ይዞ ሲገኝ እንደሚወሰድበት ቀስ ብለው ነው። ከዚያ ወዲህ አቶ ካሣሁን የሚያጥቡት ሚስታቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ ነው። በፆም ወራት ቤቱ ውስጥ አንድ የቆሸሸ ዕቃ አይገኝም።

ኢስትሊ በሚባለው የንግድ ሰፈር ደግሞ ሌላ አቶ ካሣሁን አሉ። እዚያ ወይዘሮ እህተማርያም የባልትና ሱቅ አላቸው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ። በሩ ላይ “ካሣሁን ባልትና” ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አቶ ካሣሁን ሱቁን ያዩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱን ጊዜ መንገድ ጠፍቷቸው። ወይዘሮ እህተማርያም ግን አንድ ነገር ካልተዋጠላቸው፣ ዋጋም ይሁን የጭነት ቀን፣ “ካሣሁንን ሳልጠይቅ አይሆንም” ይላሉ። ነጋዴው ሁሉ ይህን ሰው ይፈራል። ጎረቤታቸው ጨርቅ ሻጯ ሙርሺዳ፣ “ባልሽ ግን ይቆጣል?” ብላ በሹክሹክታ ጠይቃቸው ነበር።

“አይቆጣም። ዝም ነው የሚለው” አሉ።

ሙርሺዳ ይህ ይበልጥ አስፈራት። አቶ ካሣሁን አንድ ቀን የመጋረጃ ጨርቅ ሊገዙ ተልከው ብቅ ሲሉ፣ ወንበር ጠርጋ ሰጠቻቸው፣ ለስላሳ ከፈተችላቸው፣ ደንበኞቿን አስወጣች። እሳቸውም ለረጅም ጊዜ ጨርቁን ሲያዩ ቆይተው፣ “ይቅርታ ልጄ፣ ባለቤቴ የቱን ነበር ያለችሽ?” አሏት።

አሁን ወደ ሕዝቅያስ ልምጣ። ሕዝቅያስ ማለት ጨዋ፣ ታታሪ፣ ፆም የማይሽር ወጣት ነው፤ የጭነት መኪና መለዋወጫ ይነግዳል። ሚስቱ ትንሣኤ ከባለ ባጆቹ አንዷ ናት። ሚጣ የምትባል የሦስት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ ደረቷን ትንሽ ያማታል። ትንሣኤን ቢሮዋ ለሦስት ወር ሥልጠና ታንዛኒያ፣ አሩሻ ሊልካት መረጣት። ከዚያ ስትመለስ ክፍሉን የምትመራው እሷ ነች። መልሱ እስከ ዓርብ ነው። ካልሄደች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሕዝቅያስ እምቢ አለ። እሷ አለቀሰች፤ ከዚያም መናገር አቆመች። እሱም ሦስት ቀን ዝም ባለች ሴት ፊት ራት ከበላ በኋላ ሽማግሌ ፈለገ። በናይሮቢ ካሉት ሐበሾች ሁሉ መርጦ ወደ ወይዘሮ እህተማርያም መጣ። እሑድ እሑድ የሰማውን ሰምቷላ።

“ሽምግልና የወንድ ነው” አሉት በር ላይ። “አባወራው ይቀመጣል። እኔ ወጥ ቤት ነኝ።”

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። አቶ ካሣሁን ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ የሶፋውን ሁለት ጫፍ ያዙ፤ በመካከላቸው ሌላ ባልና ሚስት ይበቃ ነበር። ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ስስ መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ወይዘሮ እህተማርያም ቆመዋል፤ እኔ ድንች እልጣለሁ።

“አባባ፣ ሥራ ተዪ አላልኳትም” አለ ሕዝቅያስ። “ቤት ጥሎ ሦስት ወር መሄድ ነው ያልተዋጠልኝ። እትዬ እህተማርያም የሚያስተምሩትም ይኸው ነው። የቤት ራስ እምቢ ካለ አበቃ።”

“ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ነው አባባ። ዛሬ ረቡዕ ነው” አለች ትንሣኤ። ሌላ አልጨመረችም።

አቶ ካሣሁን ወደ መጋረጃው ተመለከቱ።

“ይጠይቁት እስኪ” አለ መጋረጃው። “የልጅቱ የመተንፈሻ መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ ነው?”

“ስንት ጊዜ ነው?” አሉ አቶ ካሣሁን።

“እ… ሲያማት ነው።”

ትንሣኤ አፏን ከፈተች። “አንቺ አልተጠየቅሽም” አለ መጋረጃው። “የሞግዚቷን ስም ይጠይቁት።”

“ስሟ ማነው?”

“ዳዳ ነው የምንላት።”

“ዳዳማ እህት ማለት ነው፤ በዚህ አገር ሞግዚት ሁሉ ዳዳ ነው። አባወራው የጠየቁህ ስሟን ነው” አለ መጋረጃው።

ሕዝቅያስ ጣቶቹን አየ። ስትታመም የምትወሰድበት ክሊኒክ የት እንደሆነ ተጠየቀ፤ አላወቀም። ሌሊት የምታቅፈው አሻንጉሊት ምን እንደሆነ ተጠየቀ፤ “ድብ” አለ። ትንሣኤ አንገቷን ስትደፋ ድብ እንዳልሆነ ገባን።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ እህተማርያም ጭልፋ እንደያዙ መጋረጃውን ገለጡ። ሳሎን አልገቡም። አንድ እግራቸው ወጥ ቤት ስለነበር ሽምግልና ተቀመጡ ሊባል አይችልም።

“ሕዝቅያስ ልጄ፣ ራስ ነህ። ማንም አይነሣህም” አሉ። “ግን ራስ የሚባለው ዓይንና ጆሮ ያለው ነው፤ ባርኔጣ ማስቀመጫ አይደለም። መጽሐፉ ለሴቲቱ ተገዢ ይላታል። ይላል፤ እኔም እላለሁ። ለወንዱ ደግሞ ክርስቶስ ስለ ቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ፣ እንደዚያ ውደዳት ይለዋል። ሳየው የእኛ ይቀላል። አንተ እስካሁን ምን ሰጠህ?”

“ታዲያ ልሙትላት?” አለ ሕዝቅያስ፤ ትንሽ ከፍቶት።

“አባወራው ሙት አላሉህም። ሦስት ወር ነው ያሉህ።”

ትንሣኤ ሳቀች። ጭልፋው ወደ እሷ ዞረ። “አንቺ አትሳቂ። ደብዳቤው ከመጣ በስንተኛው ቀን ነገርሽው? በሦስተኛው። ቢሮው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎሽ ካበቃ በኋላ። ባል ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ነው እንዴ? አሁን ጠይቂው።”

ትንሣኤ አርባ ሰው ያለበት ስብሰባ የምትመራ ሴት ናት። ፊቷ ቀላ። ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ድንቹን አስቀመጥኩ። አልሄደችም። ወደ ባሏ ዞራ፣ “ልሂድ?” አለችው። ድምፅዋ ትንሽ ነበር።

ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። “ከዚያ ወዲያ ብትንቂኝስ?” አለ። ከመጣ ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ይህ ይመስለኛል። ሌላው ሁሉ የእሑድ ትምህርት ነበር።

ያኔ አቶ ካሣሁን ሳይጠየቁና ሳይላኩ ተናገሩ።

“ልጄ፣ አንድ ጊዜ ሚስቴን ሂጂ ብያት ነበር። ቀረች። አርባ ዓመት አብረን ኖርን፤ ደግ ኖርን። ግን እስከ ዛሬ ሆስፒታል አጠገብ ስናልፍ እርምጃዋን ትቀንሳለች። እኔም አብሬ እቀንሳለሁ። ይህን ማየት ከመናቅ ይከብዳል።”

ወይዘሮ እህተማርያም ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ያልጨረስኩትን ድንች ወስደው፣ ልጣጩን በጣም አወፍረው ላጡት።

ሕዝቅያስ፣ “ሂጂ” አለ። ሐሙስ ጠዋት መልሱ ተላከ።

በሚቀጥለው እሑድ ወይዘሮ እህተማርያም ድንኳኑ ሥር ቆመው ስለ ሴት ልጅ መገዛት አስተማሩ። ከበፊቱ አንድ ቃል አልቀነሱም። ኪያ ከኋላ ሆና፣ “አንቲ፣ ትንሣኤን ግን ላኳት” ስትል፣ “ማን ላካት? ባሏ ነው የላካት” አሉ፤ ቀጠሉም።

ትንሣኤ ወደ አሩሻ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ የተሳፈረች ዕለት እኔና ወይዘሮ እህተማርያም ልንሸኛት ሄድን። ሕዝቅያስ ሚጣን ታቅፎ ነበር። መድኃኒቱ በሸሚዙ ኪስ ወጣ ብሎ ይታያል። ሞግዚቷን “አኪኒ፣ ሹራቧን አምጪ” ብሎ ሲጠራት ሰማን። ወይዘሮ እህተማርያም ትንሣኤን ጎንበስ አድርገው፣ “ማታ ማታ ደውዪለት። የበላሽውን ንገሪው፤ ወንድ ልጅ ዝርዝር ይወዳል” አሏት። አውቶቡሱ ሄደ።

ወደ ቤት የሚወስደንን ማታቱ፣ የዚህን አገር ሚኒባስ፣ ስንጠብቅ፣ እኔ የማልደፍረውን ደፈርኩና ጠየቅኋቸው።

“እህተማርያም፣ ያኔ ሂጂ የተባልሽው ለምን ነበር?”

“የነርስ ትምህርት ነበር እትዬ ብርነሽ። ፈተናውን አልፌ። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ካሣሁን ሂጂ አለኝ፤ ሻንጣ እንኳ ገዝቶልኝ ነበር። አማቴ ምን ይላሉ፣ ጎረቤት ምን ይላል ብዬ ቀረሁ። እሱ አልከለከለኝም። የቀረሁት እኔ ነኝ።”

“ይቆጭሻል?”

“አይቆጨኝም። አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ።” ማታቱው መጥቶ ሞልቶ ሄደ፤ ሌላ እስኪመጣ ቆምን። “መርፌ መውጋት ግን ደስ ይለኝ ነበር” አሉ።

እኔ የስኳር ሕመም አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ ራሴን መውጋት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እችለዋለሁ። በማግስቱ ግን ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል አልኳቸው። አሁን በየቀኑ ማልደው ይወርዳሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያያሉ፣ “ዘና በይ እትዬ ብርነሽ፣ ምንም አይሰማሽም” ይላሉ። ይሰማኛል። እኔ ከምወጋው ይልቅ የእሳቸው ያምማል። ግን አንድም ቀን አልተናገርኩም።