ከአጥር ማዶ ያሉት መምህረ አፍራስ

ፈጣሪ ፈረስን በፈጠረበት ዕለት የፈረስ አማካሪንም አብሮ ሳይፈጥር እንዳልቀረ አምናለሁ። ልጓም የያዘ ሰው በቆመበት ስፍራ ሁሉ፣ ልጓም ነክቶ የማያውቅ ሌላ ሰው መጥቶ አያያዙን ያርመዋል። ለእኔ የደረሱኝ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እኔም ስለ ክብራቸው «መምህረ አፍራስ»፣ የፈረሶች መምህር፣ ብያቸዋለሁ።

ፈረሱን ያመጣሁት ለዝና አልነበረም። ባለቤቴ ጉልበቷን ከያዛት ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳትረግጥ ስምንት ወር ሆኗታል። ቅዳሴውን የምትሰማው በመስኮት፣ ነፋሱ ባደላት መጠን ነው። አንድ ባለጋሪ ግንባሩ ቦራ የሆነ ያልተገራ ፈረስ ከአሮጌ ጋሪ ጋር ሰጠኝና፣ «በአንድ ወር ውስጥ ሰው ጭኖ ካልሳበልዎ መልሼ እወስደዋለሁ፤ ሌላ ፈላጊ አለው» አለኝ።

በማግስቱ መምህረ አፍራስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ከአጥሩ ማዶ ተከሠቱ።

«ዓይኑን አይዩት! ይደፍርዎታል!»

አላየሁትም። ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ «ምነው ዓይኑን አያዩትም? ይንቅዎታል እኮ!» አሉ።

«አይዩት ብለውኝ ነበር።»

«እሱ ሰኞ ነው! ፈረስ ማለት ጆሮ ነው፤ ያናግሩት እንጂ!»

ልጓሙን ሳጠብቅ «አነቁት!»፣ ሳላላ «ለቀቁት!» ይላሉ። አንድ ቀን የአንገቱን ልክ ካልወሰድን ብለው ሜትሩን በአጥሩ ላይ ወረወሩልኝ፤ እኔ ለካሁ፣ እርሳቸው መዘገቡ። «የጋሪው ጠፍር ትከሻው ላይ ይጠበዋል፤ ሁለት ጣት ይለቀቅለት» ብለው ከአሮጌ ካፖርት ገበር ለስላሳ ትራስ ሰፉለት። እውነቱን ለመመስከር፣ ልክክ አለ፤ የተላጠ ትከሻውም በሳምንቱ ዳነ።

አንድ ነገር ግን ዘወትር ይከነክነኝ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ እኚህ ሊቅ አጥሩን ተሻግረው አያውቁም። ባለቤቴም ከመስኮቷ ሆና ትነካካቸዋለች፦ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ፈረስ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«እትዬ፣ አርባ ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፤ ሙሽሪት ሆኜ ግን አላውቅም።»

በሦስተኛው ሳምንት ፈረሱ ባዶውን ጋሪ እየሳበ ግቢውን መዞር ጀመረ። እኔም በልቤ ራሴን አመሰገንኩ።

ወሩ የሞላው እሑድ ነበር። ባለጋሪው በጠዋት መጣ። ባለቤቴ የክት ልብሷን ለብሳ ጋሪው ላይ ተቀመጠች። መምህረ አፍራስ ጉንፋን ጥሏቸው አልመጡም፤ «እፎይ፣ ዛሬስ በጸጥታ!» አልኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ፈረሱ ንቅንቅ አልል አለ። ሳብኩት፤ ለመንኩት፤ ዓይኑን አየሁት፤ ዓይኑን ተውኩት። ሁለቱ ጆሮዎቹ ግን ወደ አጥሩ ዞረው ቀርተዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካስ ወሩን ሙሉ ያ ድምፅ ሳይኖር አንድ እርምጃ እንኳ ሄደን አናውቅም!

ሮጥኩ ማለት ለዕድሜዬ ነውር ነው፤ ፈጠን ብዬ አልጋቸው አጠገብ ደረስኩ።

«ይነሡልኝ፤ ፈረሱ እርስዎን ይፈልጋል።»

«ከአጥሩ ወዲያ ልሻገር?» አሉና ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ። «ይማሩኝ ወንድሜ። እኔ ፈረስ እፈራለሁ። ኧረ በጣም ነው የምፈራው!»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ምን አቆመዎት?»

«እትዬን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሳያቸው፣ ዝም ብዬ መግባት አቃተኝ።»

ስንመለስ ባለጋሪው ልጓሙን መፍታት ጀምሯል። መምህረ አፍራስ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው፣ በበሩ ገብተው፣ ከፈረሱ ዐሥር እርምጃ ርቀው ቆሙ። በጎረነነ ድምፅ፣ «ምን አንቃችሁ ይዛችሁታል? አታላሉትም እንዴ!» አሉ።

ፈረሱ ተራመደ። ባለጋሪው እጁን ሰበሰበ።

እነሆ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እንዲህ ነው የምንሄደው፦ ባለቤቴ ጋሪው ላይ፣ እኔ ልጓሙ ዘንድ፣ መምህረ አፍራስም በመንገዱ ወዲያኛው ዳር፣ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አያያዜን እያረሙ። ስንደርስም ጸሎቴ አጭር ነው፤ አስቀድሜ ስለ ባለቤቴ ጉልበት፣ ቀጥዬ ስለ መምህረ አፍራስ ጉሮሮ እለምናለሁ።