እሸት በሰኔ

ሰው ስለ ራሱ ስም የሚያውቀው ከሁሉም ያነሰ ይመስለኛል። ፈገግታ የሚባል የማይስቅ ሰው አላጋጠማችሁም? ስም የሚወጣልን ሳንጠየቅ ነውና ትርጉሙን ለማወቅ ብዙም አንጨነቅም። እኛም እንደዚያው ነን። ሐዋሳ ውስጥ «ጴንጤ» ተብለን የምንጠራ ሰዎች በየሰፈሩ ሞልተናል፤ ስሙ ጴንጤቆስጤ ከሚባለው በዓል የመጣ ነው። ግን ከመካከላችን አንዱን መንገድ ላይ አስቁማችሁ ጴንጤቆስጤ ዘንድሮ መቼ ይውላል ብትሉት መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ስልኩን ያወጣል።

አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈራችን ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ጋሽ ዘርጋ ግን ቀኑን ስተውት አያውቁም። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በዓሉን ጰራቅሊጦስ ይሉታል፤ በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ ሥጋ የሚሰናበቱበትን ቀን የሚረሱ ሰው አይደሉም። ሁልጊዜ ሲያገኙኝ «ስሙን እናንተ ወሰዳችሁ፣ በዓሉ እኛ ጋ ቀረ» ይሉኛል። አልተናደድኩም ብል ዋሸሁ። በተለይ እኔ፣ በትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ ጠዋት የማስተምር ሰው!

ስለዚህ ዘንድሮ ይህን ነቀፋ ከሕዝቤ ላይ ላነሣ ቆርጬ ተነሣሁ። ሳምንቱን በሙሉ አነበብኩ፤ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ፣ ያነበብኩትን ሁሉ ሳላስተርፍ አፈሰስኩት። በዓሉ መጀመሪያ የአይሁድ የመከር በዓል እንደነበረ አስረዳሁ። በፋሲካ ሰሞን የገብሱ የመጀመሪያ ነዶ ይቀርባል፤ ከዚያ ሰባት ሳምንት ተቆጥሮ በሃምሳኛው ቀን የስንዴው በኩር ይመጣል። ሰዊት ማለት እሸት ነውና የእኛም አባቶች በዓለ ሰዊት ብለውታል። በዚያ ቀን እርሾ ገብቶበት የተጋገረ ሁለት ዳቦ በእግዚአብሔር ፊት ይቀርባል። በኋላም አይሁድ ሕጉ በሲና የተሰጠበትን ቀን ያስቡበት ጀመር። ሐዋርያት መንፈስ ቅዱስ የወረደባቸው ኢየሩሳሌም ከየአገሩ በመጣ የበዓል እንግዳ በተጨናነቀችበት በዚሁ ዕለት ነው፤ ያ ሁሉ እንግዳ በየቋንቋው ሰማቸው። ሰካራሞች ናቸው ብለው ላሟቸውም ጴጥሮስ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ብሎ መለሰ። ሰዓቱ እንኳ እንደኛው ነው፤ ፈረንጅ ይህን ለመረዳት ጣቱን መቁጠር አለበት፣ እኛ ግን ወዲያው ይገባናል።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ እጁን አውጥቶ ዳቦው ለምን ሁለት ሆነ፣ አንድ አይበቃም ወይ አለኝ። አንዳንዶች አይሁድንና አሕዛብን ነው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሁለቱን የሕግ ጽላቶች ነው ይላሉ እያልኩ ብዙ ሄድኩ። ልጁ መጠየቁን እስኪጠላ ድረስ ሄድኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን ሞቅ ብሎኝ ነበር። «ዘንድሮ በዓሉን እንደ ጥንቱ እናከብራለን፤ ሁላችሁም ከእርሻችሁ በኩር ይዛችሁ ኑ፣ ባዶ እጁን የሚመጣ እንዳይኖር» አልኩ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኛ ጋ አስተማሪ ድምፁን ከፍ ካደረገ አሜን ይባላል፤ ምን እንዳለ የሚታሰበው ምሳ ላይ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ በእኛ አገር የሚታጨድ ነገር እንደሌለ፣ ገበሬው ገና ዘርቶ ዝናብ እያየ ያለበት ጊዜ እንደሆነ እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከእኔ በቀር ማለቴ ነው።

አማቴ እማማ ዱካሌም እዚያው ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከጓሯቸው ትንሽ እንሰትና በቆሎ አላቸው። እሁድ እሁድ በባጃጅ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ አማርኛው ሲፈጥንባቸው ባለቤቴ በሲዳምኛ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች፤ ከዚያ እኛ ቤት ምሳ በልተው ይመለሳሉ። ለእሳቸው የሳምንቱ መጽናኛ ይህች ምሳ ነች። ለባለቤቴም እንደዚያው። እኔም ብሆን የማልወዳት እንዳይመስላችሁ፤ እማማ ባሉበት ቀን ማንም አይቆጣኝም።

በሚቀጥለው እሁድ እማማ ቀሩ። እግሬን አሞኛል ብለው ላኩ። በሌላኛውም ቀሩ። ባለቤቴ ስትጨነቅ ሰንብታ ቱላ ሄደች፤ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነገረችኝ። እግራቸው ደህና ነው። የአምናው በቆሎ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና ጉልበት አልደረሰም፣ እንሰቱም አልደረሰ፤ ባዶ እጄን ሕዝብ ፊት ምን ብዬ እቀመጣለሁ ብለው ነው የቀሩት። እኔ የአይሁድ ስንዴ በዚህ ወቅት እንደሚታጨድ ላስረዳት ጀመርኩ።

«እማዬ የምታርሰው ኢየሩሳሌም ነው እንዴ?» አለችኝ።

 አፈርኩ፤ ያዘንኩት ግን ከማፈሬ በላይ ነው። ለአንዲት ብቸኛ እናት የቀረቻቸውን እሁድ የወሰድኩባቸው በዓል ላከብር ብዬ ነው። ከበዓሉ በፊት እሳቸውን ካልመለስኩ ያ ሁሉ ትምህርት ምን ሊረባኝ?

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ልለምናቸው ተነሣሁ። አማት ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና በመንገዴ ዳቦ ቤት ጎራ ብዬ ትኩስ ዳቦ ገዛሁ። እማማ እንደወትሮው ስመው ተቀበሉኝ፣ ከገበያ የገዙትን ቆጮና እርጎ አቀረቡልኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጤና ጠየቁኝ። በስተመጨረሻ ድፍረቴን ሰብስቤ ነገ ይምጡልን አልኳቸው። ምንም መያዝ አያስፈልግዎትም፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው፣ ባዶ እጅ መምጣት ምንም ነውር የለበትም አልኩ። ጥሩ አድርጌ የተናገርኩ መሰለኝ።

እማማ ዳቦውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። አማርኛውን ቀስ ብለው እየመረጡ «ታዲያ አንተ እኔ ቤት ለምን ባዶ እጅህን አልመጣህም?» አሉኝ።

እርጎዬን ጠጥቼ ተመለስኩ። ባለቤቴ ይመጣሉ ወይ ብትለኝ አላውቅም አልኳት።

በማግስቱ ገና ከጠዋቱ ይዘንባል። ፊት ወንበሩ ላይ የእማማ ቦታ ባዶ ነው። በኩር የሚቀርብበት ሰዓት ደረሰና ሕዝቡ ወደ ጠረጴዛው ተነሣ። ምን ምን እንደመጣ ልንገራችሁ? አንድ ነጋዴ ወንድም ከሱቁ በኩር ብሎ ፓስታና የልብስ ሳሙና አምጥቷል። ልብስ ሰፊው ዘንድሮ መጀመሪያ የሰፋውን የሕፃን ቀሚስ። አንዷ እህት ጓሮ ስለሌላት ከገበያ አቮካዶ ገዝታለች። ሁሉም እንደየአቅሙ አድርጎታል። ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩና አሁን ደግሞ አስተማሪያችን አሉ።

ባለቤቴን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ። እኔ እሷ የያዘች መስሎኛል፤ እሷ ደግሞ እኔ የያዝኩ መስሏታል። ሁለታችንም ስለ እማማ ስናስብ የራሳችንን ረስተናል። በእጄ ያለው የማስተማሪያ ወረቀቴ ብቻ ነው። ባዶ እጁን የሚመጣ እንዳይኖር ያለው ሰው ባዶ እጁን ሕዝብ ፊት ቆመ።

በሩ ተከፈተና እማማ ዱካሌ ዝናቡን እያራገፉ ገቡ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል። ቀጥ ብለው ወደ ፊት መጡ፣ ጎኔ ቆሙ፣ ቅጠሉን ፈቱ። ትናንት የወሰድኩላቸው ዳቦ ነው፤ አልተነካም። ሁለት ነበር። ያን ሁሉ ሳስተምር ከርሜ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ስንት እንደገዛሁ አላስተዋልኩም!

ዳቦዎቹን ጎን ለጎን አስቀመጡና በሲዳምኛ ተናገሩ። ባለቤቴ ከፍ አድርጋ ተረጎመችው፦ «አንዱ የእኔ ነው፤ አንዱ የልጄ።» ልጄ ሲሉ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነበር።

ትርጉሙ ሳያልቅ ሲዳምኛ የማይሰማው ወላይታውም ጉራጌውም አሜን ብሎ ነበር። እኔ የማስተማሪያ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። በዚያ እሁድ ምሳ ላይ እማማ ከወትሮው ቆይተው ሄዱ።

ጋሽ ዘርጋ ሰኞ ጾማቸውን ይዘው፣ በዓሉ እንዴት ነበር አሉኝ፤ ደህና ነበር፣ በዓሉም ስሙም አሁን ሁላችንም ጋ ነው አልኳቸው። ልብስ ሰፊውንም ፈልጌ አገኘሁት። ዳቦው ለምን ሁለት እንደሆነ አሁን አጭር መልስ አለኝ፦ አስተማሪው ባዶ እጁን ሊመጣ ስለሚችል ነው።