ሞንታርቦው ይጥፋ

እኛ ሰዎች ድምፅ ያልበዛበትን ነገር አናምንም። ሠርግ ካልጮኸ ሠርግ አይደለም፤ ሱቅ ካልጮኸ ዕቃ የለውም፤ ባጃጅ ጥሩንባ ካልነፋ ነጂው የተኛ ይመስለናል። ደግ ሐሳብ እንኳ ሲመጣልን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሞንታርቦ ከየት እናምጣ?» ብለን ነው። ወላሂ አላጋነንኩም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

እህቴ ሰዓዳ ግን ድምፅ ትፈራለች። ስትፈራ ደግሞ እንደ እኔና እንደ እናንተ «ኧረ ቀንሱት!» ብላ አትቆጣም፤ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና፣ መኪና ይምጣ ገደል ይኑር ሳታይ ትሮጣለች። ኦቲዝም አለባት። ልጅ ሳለች ሰፈሩ «ጂኒ ነው» ብሎ ደምድሞ ነበር፤ እኛም ስሙን ያወቅነው ካደገች በኋላ ነው። አሁን አጋሮ፣ በሐጂ ከማል የቡና መጋዘን ውስጥ፣ የጠቆረውን ፍሬ ከደህናው ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ትሠራለች። ሐጂ ከቡና መፈልፈያው ማሽን የራቀ ጥግ ሰጥተዋታል። ከድጃ የምትባል ባልደረባዋ ከጎኗ ተቀምጣ፣ ሳትነካት፣ ብዙም ሳታናግራት ትውላለች፤ ሰዓዳ ከሰው ሁሉ የምትወደው እሷን ነው። እኔ ግን በየቀኑ እፈራለሁ። እናታችን ከጅማ ስትሸኘን «አማና ሰጥቼሃለሁ» ብላኛለች፤ አማና ደግሞ ከኩንታል ቡና ይከብዳል።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? አንድ ቅዳሜ ከጅማ ወጣቶች መጋዘኑ ድረስ መጡ። «አእምሯቸው በተለየ መንገድ የሚሠራ ወገኖቻችንን በሥራ ቦታ እናቅፍ» የሚል ወርቅ የሆነ ሐሳብ ይዘዋል። የዝግጅታቸው የክብር እንግዳ ሰዓዳ ነች ተባለ። አስተባባሪው፣ ቀልጣፋ የኮሌጅ ልጅ፣ እጄን ጨብጦ «አቦ፣ ዛሬ ከተማው ሁሉ ይሰማል!» አለኝ። ይሄኔ መንቃት ነበረብኝ። የግቢው በር ላይ ቁም ሣጥን የሚያህሉ ሞንታርቦዎች ቆመዋል። «ማሎ፣ እነዚህን ተዉአቸው» ልል አፌን ስከፍት «ሄሎ! ሄሎ! ማይክ ቼክ!» የሚል ድምፅ ደረቴ ውስጥ ነዘረኝ። ዞር ስል የሰዓዳ በርጩማ ባዶ ነው።

አስፋልቱ ከበሩ ፊት ለፊት ነው፤ ቡና የጫነ አይሱዙ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን መያዙንም እንጃ። ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ፣ የለችም። ወደ ሽንት ቤቱ ሮጥኩ፣ የለችም። ጎማ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። ያ ረቢ፣ የእናቴን ዓይን እንዴት አድርጌ ነው የማየው?

አሁን ጉድ ስሙ። አስተባባሪው ላብ በላብ ሆኖ ዘዴ አመጣ፦ ሞንታርቦውን ከመጋዘኑ ጎን በቆመው አይሱዙ ጭነን፣ ከተማውን እየዞርን በስሟ እንጥራት! ሕዝቡ «ልክ ነው!» አለ። ሾፌሩ ቁልፉን እያንቃጨለ ሄደ።

«ከጩኸት የሸሸችን ልጅ በጩኸት ልትጠሯት ነው?» ብዬ ጮህኩ። አዎ፣ እኔም ጮህኩ።

ሐጂ ከማል ብዙ አያወሩም። ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ። «ሞንታርቦው ይጥፋ። ማሽኑም ይጥፋ። አንተ ሾፌር፣ እንዳታስነሳ! ሁላችሁም ዝም በሉ።»

ዝም ተባለ። ያ ሁሉ ሕዝብ! ከድጃ ማንንም ሳታማክር ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላ ቡናዋን በሰፌድ ማንገዋለል ጀመረች። ሌሎቹም ሴቶች ተከተሏት። ሿ… ሿ… የዘወትሩ የሥራ ድምፅ ብቻ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ለእኔ የረመዷን ቀን ያህል ረዘመብኝ።

ከዚያ ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ እጁን አፉ ላይ ሲጭን አየሁት። ከአይሱዙው ሥር፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ ሰዓዳ እየዳኸች ወጣች። ቁልፉ ገብቶ ነበር። መጠምዘዝ ብቻ ነበር የቀረው። እሷኑ ፍለጋ ሊወጣ በነበረው መኪና!

ልብሷ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ማንንም ሳታይ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠችና ከድጃን «አለቀ?» አለቻት።

«አልቋል» አለች ከድጃ ቀስ ብላ።

ሰዓዳ መልቀሟን ቀጠለች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ነውር ነው የሚለኝ ካለ መጥቶ ይንገረኝ፤ ግን በቀስታ።

አስተባባሪውም ዓይኑ ቀልቷል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የማይኩን ገመድ በገዛ እጁ ነቅሎ ጠቀለለው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ወንድሜ፣ ዛሬ ነው የገባኝ» አለኝ። እፎይ ልል ስል ቀጠለ፦ «ይሄን ታሪክ ግን ሕዝብ መስማት አለበት። በሚመጣው ዓመት ጅማ ስታዲየም እናደርገዋለን፤ ድምፁ ሰርቦ ከተማ ድረስ እንዲደርስ!»

ወደ ሰዓዳ ዞር አልኩ። ሰፌዷ ላይ አጎንብሳለች። አልሐምዱሊላህ፣ አልሰማችም።