«ልጃችን ገና ናት»

ስለ አንጎል አብጠርጥሮ የሚያውቅ፣ ሰው ግን የማይገባው ወዳጅ አላችሁ? እኔ አለኝ። መምህር ታደሰ ሆሳዕና ከተማ ሳይኮሎጂ ያስተምራል። ለወንድሜ ሽማግሌ ሆነን ዱራሜ ስንሄድ፣ የሌላውን ሐሳብ የምንረዳበት የአንጎል ክፍል የት እንደሆነ ሚኒባስ ውስጥ ጭንቅላቴን እየነካ አስረዳኝ።

የልጅቷ አባት እንደ ወጉ፣ «ልጃችን ገና ናት፤ እንመካከርና ሌላ ቀን ብቅ በሉ» አሉ። ይሄ እሺ ማለት እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? መምህር ታደሰ ግን ተነሥቶ፣ «ካልደረሰችማ አናስቸግራችሁ፤ ሌላ እንፈልግለታለን» አለ።

ሆሳዕና ሆኖ የሚጠብቀኝን ወንድሜን ምን እንደምለው ጨነቀኝ።

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ። አባዬ እኮ እሺ ማለቱ ነው።»

መምህሩ ተቀመጠና በጆሮዬ ጠየቀኝ፦ «ለእሷ ማን ነገራት?»