ሳይሞላ የማይከፈት ብልቃጥ

በእኛ አገር ሳይሞላ የሚነሳ ነገር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሰው ካልተቀመጠ ንቅንቅ አይልም። የቦሩ ሜዳውማ ከሞላ በኋላም ረዳቱ "አንድ ሰው! የሞላ!" ማለቱን አይተውም። ቦርሳዬ ውስጥ መጽሐፍ እስካለ ድረስ መጠበቅ አያስከፋኝም። የክትባት ብልቃጥም እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ሰሚራ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ጎህ ሳይቀድ ትወርዳለች፣ ሲመሽ ትወጣለች። ልጇ ሂክማ ከእኔ ጋር ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ትውላለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ስለሆነ ለጊዜው የተቀጠርኩት በአክስትነት ነው ማለት ይቻላል። ሂክማ ዘጠኝ ወር ሞላትና የኩፍኝ ክትባቷ ደረሰ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ሕፃን ኩፍኝ ወጣበትና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኛ። ከአጥሩ ወዲያ ሲያለቅስ እንሰማው የነበረው ልጅ ዝም ሲልብን ሰሚራ እንቅልፍ አጣች። "አደራሽን፣ ዛሬውኑ አስከትቢልኝ፤ እኔ ከቀረሁ ይቀንሱኛል" ብላኝ ወረደች።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ትዕግሥት የሂክማን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ "ብቻዋን ናት እንዴ?" አለችኝ። ብቻዋንማ አይደለችም፣ እኔ አለሁ፣ ልል ስል አስረዳችኝ። አንዱ ብልቃጥ ለአስር ልጅ ነው። አንዴ ከተከፈተ አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ ልጆች ሲሰበሰቡ ነው የሚከፈተው። ዛሬ ካልሞላ ለሚቀጥለው ሳምንት።

ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ "አንድም ሕፃን ሳይከተብ አይመለስ" የሚል ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ አንድ ወፍራም ሕፃን እየሳቀበት። እኔ ዓይን አፋር ነኝ፤ ከሰው ጋር ተከራክሬ አላውቅም። ማንበብ ግን እችላለሁ። ስለዚህ ፖስተሩን ትኩር ብዬ አነበብኩት። ሲስተርም ዞር ብላ አየችውና በረጅሙ ተነፈሰች። "መመሪያውማ ለአንድም ልጅ ክፈቱ ይላል። ብልቃጡ ሲያልቅ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ግን አይልም" አለችኝ። ለአንድ ልጅ ከፍታ የቀረውን ደፍታ ታውቃለች። በማግሥቱ ከገራዶ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ልጃቸውን እንዳዘሉ ሲመለሱ አይታለች። ያንን መድገም አልፈለገችም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? በዚያ ክፍል ውስጥ የሚስቀው ፖስተሩ ላይ ያለው ሕፃን ብቻ ነበር።

"ያልተከተቡ ልጆች ካመጣሽልኝ አሁኑኑ እከፍታለሁ" አለች።

ልጅ ከየት ይመጣል? መጽሐፍ ቢሆን ተውሼ አመጣ ነበር። ሂክማን አዝዬ ወደ ሰፈር ተመለስኩና እትዬ ዘሀራ በር ላይ ደርሼ ተገተርኩ። እትዬ ዘሀራ ሰርግም ይሁን ለቅሶ ሰፈሩን የሚጠሩልን፣ ማይክ የማያስፈልጋቸው ሴት ናቸው። "ምን ሆነሽ ነው እንደ ተቀጣ ተማሪ በር ላይ የምትቆሚው?" አሉኝ። በሹክሹክታ ነገርኳቸው። "አብሽሪ!" አሉና ሻሻቸውን አጥብቀው ወጡ። "ጠሪዋ ግን አንች ነሽ፤ እኔ ድምፅሽ ነኝ።"

ከዚያማ በየበሩ "ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ ይህች ልጅ ጠርታሻለች!" ሆነ። አንዷ "ምን ተገኘ፣ ኒካህ ነው?" ስትል እትዬ ዘሀራ "መርፌ ነው!" ይላሉ። "ወላሂ፣ ሰው በመርፌ ሲጠራ ዛሬ ገና ሰማሁ!" እያለች ሴትዮዋ ልጇን ታዝላለች። ሌላዋ ሁለቴ ተመላልሳ "አልሞላም" ሲሏት መተዋን እየነገረችን ጫማዋን ትፈልጋለች። የቄሱ ምራት መንታዎቿን ይዛ ብቅ ስትል እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ በአንዴ ሁለት ወንበር! ስንት እንደሆንን ልቆጥር ስል ግን እትዬ ዘሀራ እጄን መቱኝ። ልጅ አይቆጠርም፤ ለዓይን ይሰጣል። ደግ፣ አልቆጠርኩም። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ስታልፍ "ኩፍኝ! ኩፍኝ! የሞላ!" የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞር ብዬ ረዳቱን ፈለግሁት። ለካ እኔው ነኝ።

ጤና ጣቢያው ሞላ፤ ሲስተር ትዕግሥትም ከፈተች። እንግዲህ እናንተ ፍረዱኝ፦ ወሎ ውስጥ የጠራ ሰው ከጠራው እንግዳ ቀድሞ ማዕድ ይቀርባል? ነውር ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ "ኧረ እናንተ ቅደሙ፣ በአላህ ቅደሙ" እያልኩ እንግዶቼን አስገባሁ። ግብዣው መርፌ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ልጆቹ እየተወጉ፣ እየጮሁ፣ ጡት እየጎረሱ ወጡ። በመጨረሻ የሂክማን ክንድ ገልጬ ቀረብኩ። ሲስተር ብልቃጡን አየች፤ ቀጥሎ እኔን አየች።

አልቋል።

ለሰሚራ ምን እላታለሁ? ሰፈሩ ሁሉ ተከተበ፣ ያንቺ ልጅ ግን በጨዋነት ቀረች? ሂክማ ክንዷ እንደተገለጠ ትስቅብኛለች፤ እኔ የምሰማው ግን ያንን ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ዝምታ ነው። ሲስተር ራሷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሌላውን ለመክፈት ደግሞ እንደገና መሙላት አለበት።

ይሄኔ እትዬ ዘሀራ "የጠራችን ሳትቀምስ እኛ ጠግበን ልንሄድ ነው እንዴ?" ብለው ጮኹ። ሴቶቹ እፍረት ያዛቸው። ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ግማሾቹ ወደ ገበያው፣ ግማሾቹ ወደ መናኸሪያው ተበተኑ። ከሰዓት በኋላ ልጅ የያዘ ሰው አንድ በአንድ ይመጣ ጀመር። እኔ አሁንም በር ላይ እንግዳ ስቀበል ስለቆየሁ፣ ሁለተኛው ብልቃጥ ሊከፈት ሲል ከሁሉም ፊት የተሰለፉት ከገራዶ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን አዝለው ባለፈው ሳምንት መጥተው "አልሞላም" ተብለው የተመለሱ ናቸው። ሂክማን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከሰልፉ ፈቀቅ አሉልኝ። "አንች ቅደሚ፣ ልጄ" አሉኝ።

እንዲህ ሲባል መልሱን የማያውቅ ወሎዬ የለም። "ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ!" ይባላል። እሳቸው ይምላሉ፤ አንቺም ትምያለሽ፤ ሲበቃችሁ አንዳችሁ ትገባላችሁ።

እኔ "እሺ" አልኳቸውና ገባሁ።

ሂክማ ተወጋች፤ ጮኸች፤ እንደ ጩኸቷ የሚያምር ነገር ሰምቼ አላውቅም። የእሳቸውም የልጅ ልጅ ተከተለች፤ የመጣ ሁሉ ደረሰው። ሰሚራም ማታ እንቅልፍ ወሰዳት። የጎረቤታችን ሕፃንም ድኖ ተመልሶ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለቅስልናል። የእኔ ስም ግን አልዳነም። እኒያ እናት ዛሬም ድረስ ገራዶ ላይ ላገኙት ሁሉ እንደሚያወሩ እትዬ ዘሀራ ነገሩኝ፦ "ደሴ አንዲት ዓይን አውጣ አየሁ፤ ቅደሚ ሲሏት የምትቀድም!"